ጊታሩ ሲያጉረመርም ማንን እንጠይቅ?

ኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ሰው ከሁለት ነገሮች ጋር ነው የሚኖረው። አንዱ ሙዚቃው ነው። ሁለተኛው ማንም ያልጋበዘው «እምምምም...» የሚል ጉርምርምታ ነው። አምፕሊፋየሩ ገና ሲበራ ይጀምራል። ጣት ክር ሳይነካ፣ ዘፋኙም አፉን ሳይከፍት እሱ ቀድሞ ያዜማል! ሞቅ ያለ ጨዋታ ላይ ከበሮውና ቤዙ ይሸፍኑታል፤ ሰው ሁሉ ተነስቶ ሲጨፍር ማን ይሰማዋል? ጉዱ የሚወጣው ትዝታ የመጣ ጊዜ ነው። ትዝታ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር አይደል? በአንዱ ድምፅና በሚቀጥለው መካከል ዝምታ አለው። ያ «እምምም» ታዲያ ሰተት ብሎ ይገባና እዚያች ዝምታ መሀል ጉብ ይላል።

ውድ አንባቢያን፣ «የጊታር ነገር ለኛ ምናችን ነው?» እንዳትሉኝ። ዛሬ በየሰፈሩ ጊታር የገዛ ልጅ አለ፤ በየጸሎት ቤቱ የሚያገለግል ወጣት አለ፤ በየሆቴሉ በጊታር ቤተሰብ የሚያስተዳድር አባወራ አለ። በዚያ ላይ የማወጋችሁ ጉርምርምታ አንድ ትዳር ሊያናጋ፣ አንድ ሰው ሊያሳጣን የነበረ ጉርምርምታ ነው። እኔ ጊታር እነካካለሁ እንጂ ጊታሪስት ነኝ አልልም፤ ነገሩን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሬ አይቼዋለሁ።

«ወይ ጊታርህን ቀይር...»

ስሙን የማልጠራው አንድ ጓደኛ አለኝ። ማታ ማታ አንድ ክለብ ውስጥ ሊድ ጊታር ይጫወታል፤ ቅዳሜና እሁድ ሲገኝ ሠርግ ይሠራል። ባለትዳር ነው፣ አንዲት ትንሽ ልጅ አለችው፣ የሚኖሩት በኪራይ ቤት ነው። የቤት ኪራዩም የልጅቱ ወተትም የሚወጣው ከነዚያ ከስድስቱ ክሮች ነው።

አምና ክረምት ላይ ጊታሩ ማጉረምረም ጀመረ። ቤት ሲለማመድ ያጉረመርማል፤ ክለብ ሲሄድ ይብስበታል። የክለቡ ባለቤት መጀመሪያ ቀልዶ አለፈው። ቀጥሎ ፊቱን አጠቆረ። በመጨረሻ «ስማ፣ ደንበኛ እየጠየቀኝ ነው። ወይ ጊታርህን ቀይር ወይ እኔ ጊታሪስት ልቀይር» አለው።

ጓደኛዬ ምን አደረገ? ኬብል ገዛ፤ አልተሻለውም። ክር ቀየረ፤ ያው ነው። ተበድሮ «ኖይዝ ጌት» የሚባለውን ፔዳል ገዛ። ይሄ ፔዳል እንደ በር ጠባቂ ነው። ጊታሪስቱ ሲጫወት በሩን ይከፍታል፣ ሲያቆም ይዘጋል። ስለዚህ ጉርምርምታው አልጠፋም፤ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ይገባል፣ አብሮ ይወጣል። ትዝታ ላይ ደግሞ ይባስ ብሎ ቀስ እያለ የሚሞተውን የክር ድምፅ ጅራቱን ይቆርጠዋል። ሁለት ወር ሙሉ ከአስቤዛ እየተቀነሰ ዕቃ ተገዛ። ሚስቱ ብትናገር «አንቺ ስለ ሙዚቃ ምን ታውቂያለሽ?» ነው መልሱ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው! ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይጣራ ያገኘውን ሁሉ ይቀጣል።

አንድ ማታ ታዲያ አንድ «አዋቂ» ክለቡ ውስጥ ተገኘ። «ይሄማ ቀላል ነው!» አለና የአምፕሊፋየሩን ሶኬት ነቀለ፣ በካቻቪቴ ፈታው፣ ውስጡ ያለችውን ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ቁርጥ አድርጎ መልሶ ሰካው። ጸጥ! ሁለት ወር ሙሉ ያሰቃየ ጉርምርምታ በአንድ ጊዜ ድራሹ ጠፋ። ጓደኛዬ ሰውየውን አቀፈው፤ ቢራ ጋበዘው።

በሦስተኛው ቀን ማታ ነው። ክሩን እንደያዘ ከዘፋኙ ሊቀበል ከንፈሩን ወደ ማይኩ ሲያስጠጋ ከንፈሩን ንዝር አደረገው። በማግስቱ ጠንከር አለ። ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገር? ጉርምርምታው ጠፍቶለታል፣ ባለቤቱም ፊቱ ፈቶለታል። ቤቱ ቁርስ ላይ ግን እንደ ቀልድ «ማይኩ ይነዝረኛል እኮ» ብሎ አመለጠው። ሚስቱ ቀልድ አላለችውም። እሱ ሲተኛ ጠብቃ ለኔ ደወለች።

«ወንድሜ፣ እሱ እኔን አይሰማኝም፤ አንተን ይሰማሃል። እኔ ጊታር አላውቅም። ኤሌክትሪክ ሰው እንደሚገድል ግን አውቃለሁ።»

ለነፍስ የተሠራች ሽቦ

ጊታሩንም አምፕሊፋየሩንም አሸክሜ ዕድሜ ልካቸውን ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ወደኖሩ አንድ አዛውንት ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ጋሼ ጊታሩን ዞር ብለው አላዩትም። ሶኬቱን ፈቱና «ይቺን ማን ቆረጣት?» አሉ። ጓደኛዬ እየሳቀ ነገራቸው። እሳቸው አልሳቁም። «ልጄ፣ ይቺ ሽቦ ለድምፅ አይደለም የተሠራችው። ለነፍስ ነው» ብለው ሌላ ነገር ሳይነኩ መጀመሪያ ሽቦዋን መልሰው አሰሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ነገር አርጅቶ ኤሌክትሪኩ መንገዱን ስቶ የብረት ገላውን ቢነካ፣ በዚያች በቢጫና አረንጓዴ ሽቦ፣ ባለሙያዎች ግራውንድ በሚሏት፣ ወደ መሬት ይወርዳል። የሚያፈሰው ብዙ ከሆነ ፊውዝ ይቃጠላል ወይም ማቋረጫው ይወርዳል። ሽቦዋ ስትቆረጥ ግን መውረጃ የለውም። ብረቱ ላይ ቁጭ ብሎ ሰው ይጠብቃል።

አሁን ልብ በሉ! የጊታር ክር በኬብሉ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የተገናኘ ነው። ማይኩ ደግሞ በራሱ ኬብል ከሚክሰሩ ጋር፣ ሚክሰሩም ከራሱ ግራውንድ ጋር የተገናኘ ነው። እጅ ክር ላይ፣ ከንፈር ማይክ ላይ ሲሆን ያ መውረጃ ያጣ ኤሌክትሪክ መንገድ አገኘ ማለት ነው። መንገዱም የጓደኛዬ ደረት ነው! ጋሼ አምፕሊፋየሩን ከፍተው ሲያዩት አንድ ያረጀ ካፓሲተር ከኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ ትንሽ ትንሽ ያፈስ ኖሯል። ያን ቀን ትንሽ ነበር። ነገ ስንት እንደሚሆን ማን ያውቃል?

ይሄ ማስፈራሪያ አይደለም፤ በዓለም የታወቁ ሙዚቀኞች ላይ የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የ«ስቶን ዘ ክራውስ» ባንድ ጊታሪስት የነበረው ስኮትላንዳዊው ሌስ ሃርቪ በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ በትክክል ግራውንድ ያልተደረገ ማይክ ነክቶ እዚያው ሞተ። የ«ያርድበርድስ» ዘፋኝ የነበረው ኪት ሬልፍ እ.ኤ.አ. በ1976 ሕይወቱ ያለፈው በገዛ ቤቱ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወት ነው። የ«ሮሊንግ ስቶንስ»ው ኪት ሪቻርድስም እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ ሳክራሜንቶ ውስጥ ጊታሩ ከማይክ መቆሚያው ጋር ሲነካካ ራሱን ስቶ ወድቋል። እሱ ተረፈ፤ ሁለቱ አልተረፉም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ይሄ ነው፤ ሌላውን ብትረሱ ይቺን አትርሱ። ጉርምርምታ ለማጥፋት ብላችሁ የግራውንድ ሽቦ አትቁረጡ፣ አታስቆርጡ፣ የሶኬቱን የጎን ብረትም በፕላስተር አትሸፍኑ።

ድምፁን ለዩት

«ታዲያ ጉርምርምታውስ?» አለ ጓደኛዬ ቅር እያለው። ጋሼ ሳቅ አሉና «አሁን እሱን እንጠይቀው» አሉ። እኔ የመሰለኝ አንድ መሣሪያ አውጥተው የሚለኩ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ለካ ሁሉም ጩኸት አንድ አይደለም!

ወፈር ብሎ «እምምምም» የሚለው ብዙ ጊዜ ከትራንስፎርመርና ከሞተር የሚመጣ ነው። የኛ አገር ኤሌክትሪክ በሰኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ 50 ኸርዝ የሚባለው ይሄ ነው። ጊታሩ ላይ ያለው ፒክአፕ የሚባለው ነገር ማግኔትና በላዩ ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ስለሆነ የክሩን እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ያለውን የትራንስፎርመር ማግኔትም ይሰማል። ጆሮው አይመርጥም።

ሸካራ ሆኖ «ዝዝዝዝ» የሚለው ደግሞ ከፍሎረሰንት መብራት፣ ከመብራት ማደብዘዣ፣ ከርካሽ የሞባይል ቻርጀር ወይም በደንብ ካልተሸፈነ የጊታር ሽቦ ይመጣል። እንደ ዝናብ «ሽሽሽ» የሚለው ድምፁን የሚያጎሉት ዕቃዎች የራሳቸው ነው፤ በተለይ ድምፅ የሚያሻክሩት ፔዳሎች ከልክ በላይ ሲከፈቱ። ኬብል ሲነካ ወይም ቮልዩም ሲዞር «ቅርጭጭ» የሚለው ግን ቆሻሻ ወይም የላላ ብየዳ ነው፤ እሱ ከሁሉም ቀላሉ ነው።

አንድ የሙዚቃ ጨዋታ ልንገራችሁ። 50 ኸርዝ ከቤዝ ጊታር «ጂ» ድምፅ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ያቺ ድምፅ 49 ኸርዝ ናት። እጥፉ 100 ኸርዝ ደግሞ በጊታሩ ወፍራም ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ካለችው «ጂ» ጋር ጎረቤት ነው፤ እሷ 98 ናት። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያጉረመርም ጊታር ሲዘፍን የሚዘፍነው በ«ጂ» አካባቢ ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ስለሆነ እዚያ ያለው ጉርምርምታ ድምፁ ሌላ ነው። አንድ ጆሮ ያለው ጊታሪስት ጊታሩን ሳይሆን አምፕሊፋየሩን ሰምቶ የትኛው አገር እንዳለ ሊያውቅ ይችላል ማለት ነው!

አንድ በአንድ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? የጋሼ ዘዴም ይኸው ነው። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አይነኩም። አንድ ነገር ይለውጣሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። ማንኛውም ሰው ቤቱ ሊያደርገው ስለሚችል በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከአምፕሊፋየሩ ላይ የጊታሩን ኬብል ጨርሳችሁ ንቀሉ። ባዶውን እንደበራ አዳምጡ። አሁንም ካጉረመረመ ጊታሩ ነፃ ነው፤ ችግሩ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ወይም የሚመጣለት ኤሌክትሪክ ላይ ነው። አሮጌ አምፕሊፋየር ከሆነ ኤሌክትሪኩን የሚያጣሩት ትላልቅ ካፓሲተሮች ደርቀው ሊሆን ይችላል። እባካችሁ ራሳችሁ አትክፈቱት! በተለይ የአምፖል አምፕሊፋየር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ እንኳ ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ይቆያል። ለባለሙያ ስጡት።

ሁለተኛ፣ ባዶው ጸጥ ካለ ጊታሩን ያለ ምንም ፔዳል በአንድ ኬብል ሰኩና የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ አድርጉት። ጩኸቱ ካለ ኬብሉ ወይም ጃኩ ነው፤ ሌላ ኬብል ሞክሩ። ዜሮ ላይ ጠፍቶ ቮልዩሙ ሲከፈት የሚመለስ ከሆነ የሚገባው በጊታሩ በኩል ነው።

ሦስተኛ፣ ቮልዩሙን ከፍታችሁ ጊታሩን ታቅፋችሁ እንደተቀመጣችሁ ቀስ ብላችሁ ክቡን ዙሩ። ፊታችሁን ወደ አንድ አቅጣጫ ስታደርጉ ቀንሶ ወደ ሌላው ስታደርጉ ከጨመረ የሚሰማው የማግኔት ጉርምርምታ ነው። የሚጨምርበት አቅጣጫ ምንጩን ለማግኘት ይረዳል፤ ከሁሉ የሚቀንስበት አቅጣጫ ደግሞ የመጫወቻ ቦታችሁ ነው።

አራተኛ፣ ክሩን በእጃችሁ ንኩ። ሲነካ ጩኸቱ ከቀነሰ የክሩ ግራውንድ ይሠራል፤ የጊታሩ ውስጥ መሸፈኛ ግን ደካማ ነው ማለት ነው። ባለሙያ የጊታሩን የውስጥ ጉድጓድ በመዳብ ወረቀት ቢያለብሰው በጣም ይሻላል። ሲነካ ከጨመረ ግን የውስጡ ሽቦ ተገልብጦ ወይም ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። ነዘራችሁ ማለት ደግሞ ምርመራው እዚያው ያቆማል፤ ነቅላችሁ ወደ ባለሙያ።

አምስተኛ፣ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ መልሱ። በአንድ አዳፕተር አምስት ፔዳል የሚያበላ ሰው አንዱን በባትሪ አድርጎ ይሞክር። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፔዳሉ ሳይሆን አዳፕተሩ ነው። በላፕቶፕ የሚቀዳ ሰው ደግሞ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ ያዳምጥ። ልዩነቱ ያስገርመዋል።

የእንጀራ ቀን ምስጢር

ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ሱቁ ውስጥ ሲያደርግ አምፕሊፋየሩም ኬብሉም ነፃ ወጡ። ጊታሩ የሚጮኸው ቮልዩሙ ሲከፈት ብቻ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ደግሞ በጣም ትንሽ። «እንግዲህ የሚጮኸው ቤትህ ነው» አሉት ጋሼ። እሁድ ከሰዓት ራሳቸው መጡ። ይዘው የመጡት በባትሪ የምትሠራ የመዳፍ ያህል አምፕሊፋየር ነው። ብልሃቱ ገባኝ፤ ከግድግዳ ምንም ሳይሰካ ጊታሩ ካጉረመረመ ጉርምርምታው የሚመጣው በአየር ነው ማለት ነው። ሰኩት። «እምምም... ዝዝዝ» ሁለቱም አሉ!

አከራይዋን እናት አስፈቅደን የግቢውን ማቋረጫዎች አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመርን።

«ፍሪጁንም ልታጠፉት ነው? ኧረ ሥጋዬ!» አሉ።

«እትዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» አልኳቸው።

የመብራቱ ማቋረጫ ሲወርድ «ዝዝዝ» የሚለው ድርግም አለ። ከጓደኛዬ ራስ በላይ ያለው ረጅሙ የፍሎረሰንት መብራት ነበር፤ ዕድሜውን ጨርሶ ጫፍና ጫፉ ጠቁሯል። «እምምም» የሚለው ግን አልተነቃነቀም። ፍሪጁ ጠፋ፤ አልተነቃነቀም።

ያኔ ነው የጓደኛዬ ሚስት ልጇን አዝላ በር ላይ እንደቆመች የተናገረችው። «እኔ እንጃ... ብቻ እትዬ እንጀራ የሚጋግሩ ቀን ነው የሚብሰው። ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ።»

ሁላችንም ዞር አልን። ጋሼ ምጣዱ የት እንዳለ ሳይሆን ሌላ ነገር ጠየቁ፤ «ስታቢላይዘር አላችሁ?» አለ! ከጓደኛዬ መለማመጃ ወንበር ሥር፣ ቴሌቪዥኑ የሚሰካበት። ስታቢላይዘር ማለት እኮ ትልቅ ትራንስፎርመር ነው። ምጣዱ ሲሰካ የግቢው ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ስታቢላይዘሩ ጠቅ ጠቅ ይልና የጎደለውን ለመሙላት ይደክማል፤ ሲደክም ማግኔቱ ይበረታል፤ ጊታሩ ደግሞ ከሁለት ስንዝር ርቀት ያንን ይሰማል። ነቀልነው። ጸጥ አለ።

ጓደኛዬ ሚስቱን አያት። ምንም አላለም። ግን ሁለት ወር ሙሉ የገዛቸው ዕቃዎች አልጋው ሥር ተደርድረዋል፤ መልሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ቤቱ ውስጥ ነበር። የሚሰማ ጠፍቶ ነው እንጂ! መድኃኒቱ ምንም አላስወጣም። ወንበሩ ወደ ሌላው ጥግ ሄደ፤ ማግኔት በርቀት ቶሎ ስለሚደክም ሁለት ሜትር ብዙ ነው። መብራቱ ተቀየረ። በቃ።

የክለቡስ?

ክለቡ ውስጥ ያለው ሌላ ዓይነት ነበር። አምፕሊፋየሩ የተሰካው በባንኮኒው በኩል ካለ ሶኬት ነው፤ ሚክሰሩና ኪቦርዱ ደግሞ በመድረኩ በኩል። ከአምፕሊፋየሩ ወደ ሚክሰሩ የድምፅ ኬብል ተዘርግቷል። እንግዲህ ሁለቱ ዕቃዎች ግራውንዳቸው በሁለት መንገድ ተገናኘ፤ አንዴ በግድግዳው ውስጥ፣ አንዴ በድምፅ ኬብሉ። ትልቅ ቀለበት ሆነ ማለት ነው። በዚያ ቀለበት ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ የሚዞረውም በሙዚቃው መንገድ ስለሆነ ይሰማል። «አዋቂው» ሽቦዋን ሲቆርጥ ቀለበቱ ተበጠሰ፤ ጸጥ ያለው ለዚህ ነው። ግን የበጠሰው በተሳሳተ ቦታ ነው።

ትክክለኛው ምንድን ነው? ሁሉንም የመድረክ ዕቃ ደህና ግራውንድ ካለው ከአንድ ሶኬት በአንድ ዲቫይደር ማብላት። የሶኬቱንና የዲቫይደሩን አቅም ግን ባለሙያ ይይ። ይሄ ካልበቃ «ዲ አይ ቦክስ» የምትባል ትንሽ ሳጥን በድምፅ ኬብሉ መሀል ይገባል። እሷ ላይ ግራውንድ የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ የሚያቋርጠው ግን የድምፅ ኬብሉን ግራውንድ ነው እንጂ የ220ውን አይደለም። ሙዚቃው ይጸዳል፣ ነፍስም አትነካም። የክለቡ ባለቤት ሳጥኗን ለመግዛት ትንሽ አጉረመረመ፤ ዋጋዋን ከቀብር ወጪ ጋር እንዲያወዳድር ጋሼ መከሩት። ገዛ።

ጥቂት ቀሪ ነገሮች

«እንዲህ ሁሉ አድርጌ ትንሽ ጉርምርምታ ቢቀርስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሊቀር ይችላል። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ጊታር፣ እንደ ስትራቶካስተር ያለው፣ ተፈጥሮው ነው። ለዚህ መላ የዘየደው የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ ሴት ላቨር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ፈቃድ የጠየቀበት «ሀምበከር» የሚባለው ፒክአፕ ሁለት ጥቅሎች አሉት፤ ጥምጥማቸውም ማግኔታቸውም የተገላቢጦሽ ነው። ከውጭ የመጣው ጉርምርምታ በሁለቱ ውስጥ ተቃራኒ ሆኖ ይጠፋፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ሀምበከር ግን ድምፁ ወፈር ስለሚል የቀጭኑን ጥራት የሚወድ ሰው ትንሽ ጉርምርምታ ችሎ ይኖራል። ጓደኛዬ ችሎ ይኖራል።

ሌላው ከባዱ ነገር የቤታችን ግራውንድ ነው። ሶኬቱ ላይ የግራውንድ ብረት ታይቶ ከግድግዳው ጀርባ ምንም ሽቦ የሌለበት ቤት አለ። ባለ መብራቷ ካቻቪቴ ቴስተር ኤሌክትሪክ መኖሩን እንጂ ግራውንዱ ደህና መሆኑን አትነግራችሁም። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ለክቶ ይንገራችሁ። ግራውንድ የለም ካለ ዘንግ መሬት ውስጥ ተቀብሮ በደንብ ይሠራ። «ከኒውትራሉ ጋር አገናኝቼ ልገላግልህ» የሚል ከመጣ አሰናብቱት፤ ያ ኒውትራል አንድ ቀን ቢበጠስ ፍሪጁም አምፕሊፋየሩም ብረታቸው በሙሉ 220 ይሆናል። ሳልባቪታም አስገቡ። ብዙውን ጊዜ ለቤት የሚሆነው ገና 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ በቅጽበት የሚያቋርጥ ነው። ሠርግና ድንኳን ላይ የምትሠሩ ልጆች ደግሞ፣ በተለይ ሣሩ እርጥብ ከሆነ፣ ክሩን ይዛችሁ ማይኩን ከመንካታችሁ በፊት ባለሙያ መስመሩን ይይላችሁ። ማይኩ ላይ የስፖንጅ መሸፈኛ ማድረግ ይረዳል፤ የግራውንድን ቦታ ግን አይተካም።

ለባለትዳሮችም አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ቤት ውስጥ የሚያጉረመርም ሰው ካለ «ዝም በል»፣ «ዝም በይ» ከማለት በፊት ከየት እንደመጣ አንድ በአንድ መጠየቅ ነው። ዝም የተባለ ሁሉ ደህና አይደለም። ጓደኛዬ አሁንም በዚያው ክለብ ይጫወታል። ባለፈው ሰሞን ሄጄ ትዝታ ሲጫወት ሰማሁት፤ ዝምታው ዝምታ ሆኗል። ቤት ደግሞ ልምምድ ላይ አዲስ ነገር ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሚስቱን እንደሆነ ራሷ ነግራኛለች።

እስከ ሳምንቱ ቸር ያሰማን!